ቄስ በሌለበት ማን ያጥምቅ? ማንስ ያቁርብ?

ጥያቄው እንዲህ ይላል፦ «ከባሕረ ሰላጤው አገራት በአንዱ የምንኖር ሠላሳ የምንሆን የመካነ ኢየሱስ ምዕመናን ነን። ዓርብ ዓርብ እንሰበሰባለን። እኔ አገር ቤት የማኅበረ ምዕመናን ሽማግሌ ነበርኩ። እዚህ ሹፌር ነኝ፤ ኅብረቱንም እመራለሁ። ቄስ ካየን አንድ ዓመት ከአራት ወር ሆኖናል። ባለፈው ወር አንዲት እኅታችን በሰባት ወሯ ወለደች። ሕፃኑ አይተርፍም ሲባል ነርስ የሆነች ሌላ እኅታችን እዚያው ሆስፒታል አጠመቀችው። እግዚአብሔር ይመስገን ልጁ ተረፈ። አሁን ግማሹ ሰው ‹የእሷ ጥምቀት አይቆጠርም፣ ቄስ ሲመጣ እንደገና ይጠመቅ› ይላል። ሌላው ደግሞ ‹ነርስ ካጠመቀች አንተ ለምን አታቆርበንም? ሁላችን የንጉሥ ካህናት አይደለንም ወይ?› እያለ ያፋጥጠኛል። ቄሱ በዙም ይባርክልን ያሉም አሉ። ምን ላድርግ?»

ልጁ ተጠምቋል። እንደገና አይጠመቅም። እርስዎ ግን አያቁርቡ። በዙምም አይሆንም። አጭሩ መልስ ይኸው ነው። አንዱን ተቀብዬ ሌላውን ለምን እንደከለከልኩ ግን ማስረዳት አለብኝ። ምክንያቱም የተከራከሩት ሁለቱ ወገኖች የሳቱት እዚያው አንድ ቦታ ላይ ነው።

ሁለት ጥያቄዎች ተደበላልቀዋል። አንዱ «ምስጢሩ ይሆናል ወይ?» የሚል ነው። ሌላው «ይህ አደራ የማን ነው?» የሚል ነው። «አይቆጠርም» ያሉት፣ አደራው የቄስ ስለሆነ ቄስ ያላደረገው ባዶ ነው ብለው ደመደሙ። «አንተ አቁርበን» ያሉት ደግሞ፣ ነርስ ካጠመቀች፣ እንግዲያው አደራ የሚባል ነገር የለም ብለው ደመደሙ። መካነ ኢየሱስ የምትከተለው የሉተራን ትምህርት ሁለቱን ለያይቶ ነው የሚመልሰው።

ከመጀመሪያው ልነሳ። ምስጢርን ምስጢር የሚያደርገው የክርስቶስ ቃልና ትእዛዝ ነው። የዚህ ትምህርት መሥራች ማርቲን ሉተር በ1529 ባወጣው ትንሹ ካቴኪዝም፣ ማለትም የእምነት ማስተማሪያ መጽሐፉ (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጠቅሰው) ጥምቀት ውኃ ብቻ ሳይሆን ከእግዚአብሔር ቃል ጋር የተያያዘ ውኃ ነው ይላል። ያለ ቃሉ ውኃው ተራ ውኃ ነው። ከቃሉ ጋር ግን ጥምቀት ነው። የሚያጠምቀው ሰው እጅ ላይ የተለየ ኃይል አልተቀመጠም። በ1530 የወጣው፣ የሉተራኖች ዋና የእምነት ሰነድ የሆነው የአውግስበርግ የእምነት መግለጫም በአንቀጽ 8 ላይ፣ አገልጋዩ ክፉ ሰው ሆኖ ቢገኝ እንኳ ምስጢራቱ በክርስቶስ ትእዛዝ ምክንያት ይሠራሉ ይላል። ይህ ለኛ ትልቅ ዕረፍት ነው። አለበለዚያ ያጠመቀን ቄስ ነገ አንድ ነገር ሠርቶ ቢገኝ ሁላችን ወደ ውኃ ልንመለስ ነው።

በዚህ ነገር ላይ ብዙዎቻችን ከአገር ይዘነው የመጣነው ልማድ አለ። በኦርቶዶክስ ሥርዓት ለቅዳሴ ቢያንስ ሁለት ቄስና ሦስት ዲያቆን ያስፈልጋሉ። በዚያ ቤት ለአደግን ሰው ቄስ የሌለበት ምስጢር ማሰብ ራሱ ይከብዳል። የእነሱ ሥርዓት የራሱ ምክንያት አለው፤ እዚህ ልከራከረው አልፈልግም። ግን የሉተራን ትምህርት ክህነትን እንደዚያ አይረዳውም። ሹመት በሰውየው ነፍስ ላይ የማይፋቅ ማኅተም አያትምም። አገልግሎት ነው፤ ጥሪ ነው፤ አደራ ነው።

«እንግዲያው ለምን ሁላችን አናደርገውም?» ትሉኝ ይሆናል። መልሱ በዚያው የእምነት መግለጫ አንቀጽ 14 ላይ ነው። አንቀጹ አንዲት ዓረፍተ ነገር ናት። በሥርዓት ሳይጠራ ማንም በቤተ ክርስቲያን በአደባባይ እንዳያስተምርና ምስጢራትንም እንዳይሰጥ ትላለች። ልብ በሉ፤ «አይችልም» አላለችም። «አይገባውም» ነው ያለችው። ነገሩ የችሎታ ሳይሆን የመጠራት ነው።

«የንጉሥ ካህናት» የሚለውን የ1ኛ ጴጥሮስ 2፥9 ቃል የሚጠቅሱት ወንድሞች ትክክል ናቸው፤ መደምደሚያቸው ግን ተገልብጧል። አገር ቤት ሳላችሁ እድር ነበራችሁ። የእድሩ ገንዘብ የሁሉም አባል ነው። የእገሌ ብቻ ነው የሚል የለም። ታዲያ የሁሉም ስለሆነ አንዱ አባል ብድግ ብሎ ከሣጥኑ ያወጣል? አያወጣም። እንዲያውም የሁሉም ስለሆነ ነው የማያወጣው። አባላቱ ገንዘብ ያዥ ይመርጣሉ፤ የተመረጠው በሁሉም ስም ያወጣል። ገንዘብ ያዡ ከሌሎቹ የበለጠ የእድሩ አባል አይደለም። ብድግ ብሎ የሚያወጣው ሰው ግን፣ ምንም ያህል ቅን ቢሆን፣ የሌሎቹን ድርሻ ወስዷል።

ሉተር ይህንኑ ነው ያለው። በ1520 ለጀርመን መሳፍንት በጻፈው ጽሑፍ አንድ ምሳሌ ያመጣል። ጥቂት ምእመናን ተማርከው ወደ ምድረ በዳ ቢወሰዱ፣ ከእነሱም መሐል ጳጳስ የሾመው ቄስ ባይኖር፣ ተስማምተው አንዱን ቢመርጡና አጥምቅ፣ ቀድስ፣ ኃጢአትን ይቅር በል፣ ስበክ ብለው ቢሰጡት፣ ያ ሰው ጳጳሳትና ፓፓዎች ሁሉ የሾሙት ያህል እውነተኛ ካህን ነው ይላል። በክርክራችሁ ላይ ይህን ምሳሌ የሚጠቅስ አንድ ሰው እንደሚኖር እገምታለሁ፤ ሁልጊዜ አንድ አይጠፋም። እባካችሁ ሁለት ነገር ተመልከቱበት። ሰውየው ራሱን አልመረጠም። ሰዎቹም ምርኮኞች ናቸው፤ ደብዳቤ የሚልኩለት ሲኖዶስ የላቸውም። እናንተ ስልክ አላችሁ፤ አውሮፕላን አለ፤ አገር ቤት ከ10 ሚሊዮን በላይ አባላት ያሏት እናት ቤተ ክርስቲያን አለቻችሁ። ምድረ በዳው ውስጥ ናችሁ፤ እሱ እውነት ነው። ምርኮኞች ግን አይደላችሁም።

ምእመን መሆን በቤተ ክርስቲያን ሁለተኛ ዜጋ መሆን አይደለም። አቶ አማኑኤል አብርሃም ከ1963 እስከ 1985 የመካነ ኢየሱስ ፕሬዚዳንት ነበሩ። ሃያ ሁለት ዓመት! አምባሳደርና ሚኒስትር የነበሩ ምእመን እንጂ ቄስ አልነበሩም። ቤተ ክርስቲያኒቱ ይበልጥ በተፈተነችበት ዘመን መሪዋ ምእመን ነበር። መሪነትና ምስጢራትን ማገልገል ሁለት የተለያዩ አደራዎች ስለሆኑ ማንም ግር አላለውም። እርስዎም ኅብረቱን መምራትዎ ትክክል ነው። ግን መሪ መሆን ቁርባኑን አብሮ አያመጣም።

ወደ ሕፃኑ ልመለስ። ሉተራኖች የአስቸኳይ ጊዜ ጥምቀትን ከጥንት ጀምሮ ይቀበላሉ፤ በሉተር ዘመን አዋላጆች በየጊዜው ያደርጉት ነበር። የሉተር የሥራ ባልደረባ ሜላንክቶን በ1537 ስለ ፓፓው ሥልጣን ሲጽፍ ከአውግስጢኖስ የተወሰደ አንድ ታሪክ ያነሳል። ሁለት ክርስቲያኖች በመርከብ ላይ አደጋ ይደርስባቸዋል። አንዱ ገና ያልተጠመቀ፣ በመማር ላይ ያለ ነው። ሌላው አጠመቀው። አዲስ የተጠመቀው ደግሞ ላጠመቀው ሰው የኃጢአት ይቅርታን ተናገረለት። ሁለቱም ቄሶች አልነበሩም። ሜላንክቶን ይህን አንስቶ በችግር ጊዜ ምእመንም ለሌላው አገልጋይና እረኛ ይሆናል ይላል። የእናንተ መርከብ የሆስፒታሉ ማሞቂያ ክፍል ነበረ። እኅታችን ያደረገችው ትክክል ነው፤ ብታመሰግኗት እንጂ ባትወቅሷት።

ሦስት ነገር ግን አረጋግጡ። ውኃ ነበረ? ስሙ ተጠርቶ «በአብ በወልድ በመንፈስ ቅዱስ ስም አጠምቅሃለሁ» ተብሏል? ያየ ሰው አለ? ሦስቱም ካሉ ነገሩ አልቋል። ውኃው በጥጥ የተንጠባጠበ ቢሆንም፣ ክፍሉ ጠባብ ቢሆንም፣ ጸሎቱ ቢያጥርም ጥምቀት ነው። «ለጥንቃቄ ደግመን እናጥምቀው» የሚለው ሐሳብ ጥንቃቄ ይመስላል፤ ግን እግዚአብሔር የተናገረውን ቃል መጠራጠር ነው። «ካልተጠመቅህ አጠምቅሃለሁ» እያሉ በቅድመ ሁኔታ ማጥመቅንም ሉተር አልወደደውም። ወይ ተጠምቋል፣ ወይ አልተጠመቀም። የሚያውቅ ሰው ከሌለ ያለ ምንም ቅድመ ሁኔታ ይጠመቅ። እናንተ ጋ ግን ያጠመቀችው ራሷ በሕይወት አለች፤ ጠይቋት።

ቄሱ ሲመጣ የሚቀረው ነገር አለ። ልጁ በጉባኤ ፊት ይቀርባል። የተደረገው ይነገራል። ቄሱ ጥምቀቱ ትክክል መሆኑን ይመሰክራል፤ ወላጆቹና የክርስትና አባትና እናት ቃል ይገባሉ፤ ይጸለይለታል። የማይደገመው ውኃው ብቻ ነው።

ስለ አስቸኳይ ጥምቀት ካነሳሁ ዘንድ ሁለት ማሳሰቢያ ልጨምር፤ በተለይ ባሕረ ሰላጤው ላይ ላላችሁት። ብዙ እኅቶቻችን በሰው ቤት ሕፃን ይዘው ነው የሚውሉት። ልጁን እንደ ራሳቸው ይወዱታል። ሲታመም «ባጠምቀውስ?» የሚል ሐሳብ የሚመጣባት አትጠፋም። አታድርጊው። ልጅ የሚጠመቀው በወላጆቹ ፈቃድ ነው። የአሠሪን ልጅ በድብቅ ማጥመቅ የወላጅን መብት መንጠቅ ነው። በዚያ ላይ ራስሽንም መላውን ኅብረትም ከባድ አደጋ ውስጥ ይጥላል። ጸልይለት፤ እሱን የሚከለክልሽ የለም።

ሁለተኛው ሳይጠመቅ ያረፈ ሕፃን ጉዳይ ነው። የሞተ ሰው አይጠመቅም፤ ምስጢራት ለሕያዋን ናቸው። ይህ ማለት ግን ልጁ ጠፋ ማለት አይደለም። ሉተር በ1542 ፅንስ ለጨነገፈባቸው እናቶች የማጽናኛ ጽሑፍ ጽፏል። እናቲቱ ለልጇ ያሰበችውን ጸሎት፣ ቃል አውጥታ ባትናገረው እንኳ፣ እግዚአብሔር እንደሰማ ይነግራታል። የሚኮንነው ጥምቀትን መናቅ ነው፤ ማጣት አይደለም። በኅብረታችሁ ውስጥ ይህን ያልሰማች፣ ለዓመታት በልቧ የምታለቅስ እናት ልትኖር ትችላለች። ፈልጋችሁ ንገሯት።

አሁን ወደ ቁርባኑ። «ጥምቀት ለምእመን በችግር ጊዜ ከተፈቀደ ቁርባንስ?» የሚለው ጥያቄ ሞኝ ጥያቄ አይደለም። የቀደሙት የሉተራን መምህራንም አንድ ድምፅ አልነበሩም፤ በከባድ ችግር ጊዜ ይቻላል ያሉ አሉ። ብዙኃኑ ግን አይሆንም ነው ያሉት። እኔም ከብዙኃኑ ጋር ነኝ። ምክንያቱ እንዲህ ነው።

ጥምቀት ላይ ሰዓቱ ያልቃል። ልጁ ከመሞቱ በፊት ወይ ይጠመቃል ወይ አይጠመቅም። ቁርባን እንደዚያ አይደለም። አንድ ዓመት ከአራት ወር ያልቆረበ ምእመን ተርቧል፤ አልሞተም። የተጠመቀ ነው፤ ወንጌልን ይሰማል፤ በክርስቶስ ያምናል። የጎደለው ብዙ ነው፤ ድነቱ ግን አልጎደለም። ሉተር በ1523 ለቦሔሚያ ሰዎች ሲጽፍ ይህን በግልጽ ብሏል። ቄስ የሌለው የቤት አባት ለቤተሰቡ ወንጌል ያንብብ፤ የተወለደለትን ያጥምቅ፤ ቁርባኑን ግን ዕድሜ ልኩን እንኳ ባያገኝ ይሻለዋል አለ። ከባድ ቃል ነው። ግን እዚያ ላይ አላቆመም። ቀጥሎ፣ እንግዲህ ተሰብሰቡና የራሳችሁን አገልጋይ ምረጡ አላቸው። ብዙ ሰው አንዱን ክፍል ጠቅሶ ሌላውን ይተወዋል። በ1536 ደግሞ አንድ የቤት አባት ለራሱና ለቤተሰቡ ቢያቆርብስ ተብሎ ሲጠየቅ አያድርግ ሲል መክሯል። ለዚያ አልተጠራም፤ ቁርባን የአደባባይ ምስክርነት ነው፤ የአደባባይ አገልጋይ ይፈልጋል የሚል ነው ምክንያቱ።

ሌላም ነገር አለ፤ ሰው ብዙም የማያስበው። ማቁረብ ማለት ቃሉን ማንበብና ዳቦ መቁረስ ብቻ አይደለም። ማን ይቀርባል፣ ማን ለጊዜው ይቆይ ብሎ መወሰንም ነው። ከባሏ ጋር የተጣላችው፣ በሁለት ቤት የሚኖረው፣ የወንድሙን ብር በልቶ የካደው፤ እነዚህ ሰዎች ሠላሳ ሰው ባለበት ኅብረት ውስጥ ስማቸው ይታወቃል። እርስዎ ጓደኛቸው ነዎት፤ ምናልባትም አብረዋቸው ይኖራሉ፤ ምናልባትም ከአንዱ ተበድረዋል። ማንም ሳይሾምዎ ይህን ዳኝነት ከተሸከሙ ኅብረቱ ሁለት ወር አይቆይም። እንዲህ የተበተነ ኅብረት አይቻለሁ። ማቁረብ የጀመረው ወንድም ቅን ሰው ነበር። አንዷን እኅት «አንቺ ቆይ» አላት። «አንተ ማን ሆነህ ነው?» አለችው። መልስ አልነበረውም። ለተሾመ ሰው ግን መልሱ ቀላል ነው፤ የጠራችኝ ቤተ ክርስቲያን ናት ይላል።

በሌሎች የሉተራን አብያተ ክርስቲያናት ምእመን የሚያቆርብበት የለም ወይ? አለ። ሉተራኖች አንድ ፓፓ የላቸውም፤ አንቀጽ 14ን ሁሉም ይቀበላሉ፤ «በሥርዓት መጠራት» ምን እንደሆነ ግን በየቤታቸው ይወስናሉ። በጀርመን ፕሬዲካንት የሚባሉ አሉ፤ ኑሯቸው በሌላ ሙያ ነው። ሠልጥነው በቤተ ክርስቲያን በይፋ ይላካሉ፤ በብዙ ቦታም ምስጢራትን ይሰጣሉ። አሜሪካ ባለችው ወንጌላዊት ሉተራን ቤተ ክርስቲያን (ኢኤልሲኤ) ውስጥ፣ ቄስ ማግኘት በማይቻልበት ቦታ የሲኖዶሱ ጳጳስ አንድን አባል በአንድ ቄስ ክትትል ሥር ለተወሰነ ቦታና ጊዜ ሊፈቅድለት ይችላል። ሌላዋ የአሜሪካ ሉተራን ቤተ ክርስቲያን፣ የሚዙሪ ሲኖዶስ፣ ታሪኳ ደግሞ ለእናንተ ይበልጥ ይጠቅማል። በ1989 ዊቺታ ላይ ባደረገው ጉባኤ፣ ፈቃድ የተሰጣቸው ምእመናን ዲያቆናት ቄስ በሌለበት እንዲሰብኩና ምስጢራትን እንዲሰጡ በር ከፈተ። ለችግር ጊዜ የታሰበ ነበር። እያደር ግን ቋሚ ሆነ። ክርክሩ ሃያ ምናምን ዓመት ፈጀ። በመጨረሻ በ2016 ሚልዋኪ ላይ፣ ይህን ሥራ በመደበኛነት የሚሠራ ሰው ተመርምሮ ይሾም ተብሎ ተወሰነ። ሥራውን እየሠራ ከሆነ ስሙንም ስጡት ማለት ነው። እኔ ይህ ውሳኔ ልክ ይመስለኛል። የሰውን ጉልበት እየወሰዱ ሹመቱን መንፈግ ለሰውየውም ለምእመኑም ጥሩ አይደለም።

በሦስቱም ቦታ ያለውን ተመልከቱ። ወረቀት አለ። የሚከታተል ቄስ አለ። ብድግ ብሎ የጀመረ ሰው ግን አንድም ቦታ የለም። የሚዙሪን ወይም የጀርመንን ፈቃድ ጠቅሶ መካነ ኢየሱስ ውስጥ መሥራትም አይቻልም፤ የጎረቤት እድር ደንብ በእናንተ እድር አይሠራም።

«እኛ ጋ የነገረ መለኮት ዲግሪ ያለው ወንጌላዊ አለ፤ እሱስ?» የሚል ሌላ አንባቢም ይኖራል። ዲግሪ ጥሪ አይደለም። አገር ቤት ብዙ የስብከት ጣቢያዎችን የሚመሩት ወንጌላውያን ናቸው፤ ለጥምቀትና ለቁርባን ግን ቄስ እየዞረ ይመጣል። አንዳንዱ ወንጌላዊ ከቄሱ በላይ የተማረ ነው። ያም ሆኖ ይጠብቃል። ዲግሪው ለመሾም ጥሩ ምክንያት ነው፤ ሹመቱን ግን አይተካም።

ማገዝ ግን ሌላ ነገር ነው። ቄሱ ቃሉን ተናግሮ ከባረከ በኋላ ጽዋውን ይዞ ማደል በብዙ የሉተራን ጉባኤ ምእመንም ይሠራዋል። አገልግሎቱን የሚመራው፣ ቃሉን የሚናገረው፣ ማን ይቅረብ የሚለውን የሚወስነው ቄሱ እስከሆነ ድረስ ችግር የለውም።

ዙምን በተመለከተ በ2020 በኮሮና ጊዜ ሉተራኖች በጣም ተከራክረውበታል፤ አንዳንዱ ፈቀደ፣ አንዳንዱ ከለከለ። የእኔ አቋም አይሆንም ነው። ክርስቶስ «ይህ» ያለው በእጁ የያዘውን ነው። አዲስ አበባ ያለ ቄስ ስልክ ላይ «ይህ» ሲል የትኛውን ዳቦ ነው? ደግሞስ ማን እንደበላ በምን ያያል? ካሜራው እኮ ጣሪያውን ነው የሚያሳየው። ጳውሎስ በ1ኛ ቆሮንቶስ 11 ላይ ለመብላት ስትሰበሰቡ እርስ በርሳችሁ ተጠባበቁ ይላል። መጠባበቅ ያለው አንድ ቤት ውስጥ ነው። በዙም ስብከትና ጸሎት ግን እሰየው።

ሌላ መንገድም ሰው ሲሞክር አይቻለሁ። «ቁርባን አንለውም፤ መታሰቢያ ብቻ ነው» ይሉና ቂጣና ቪምቶ ያቀርባሉ። ጌታ ቁርባንን ሲመሠርት የተናገረውን ቃል ያነባሉ፤ ይቋረሳሉ፤ ስሙን ግን አይጠሩም። እንዲህ አታድርጉ። ቁርባን ከሆነ ያለ ጥሪ አድርጋችሁታል። ካልሆነ ደግሞ በጌታ ቃል ቲያትር ሠርታችኋል። አብሮ ምሳ መብላት ከፈለጋችሁ ዶሮውን ሠርታችሁ ብሉ፤ እሱም በረከት ነው። ከዚህ በፊት ሳታውቁ አቁርባችሁ ከነበረም አትሸበሩ። አቁሙ፤ ለሚመጣው ቄስ ንገሩት። ነፍሳችሁን በዚያ አታሠቃዩ።

ታዲያ ምን ይደረግ? በዝምታ መጠበቅን አልመክርም። አንድ ዓመት ከአራት ወር ብዙ ነው። እዚህ ላይ ጥፋቱ የእናንተ አይደለም፤ ምእመን ሳይቆርብ እንዲህ መቆየቱ የእናት ቤተ ክርስቲያናችሁ ዕዳ ነው። ስለዚህ ጠይቁ፤ በጽሑፍ ጠይቁ።

ለጊዜው የሚያስታግስ ነገር አለ። ቄስ በዓመት ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ እንዲመጣ ቀኑ የታወቀ ፕሮግራም ይያዝ፤ ቲኬቱን ሠላሳ ሰው ይችለዋል። በአካባቢያችሁ በባሕረ ሰላጤው ከተሞች የቆየ ወንጌላዊ ቤተ ክርስቲያን ካለ፣ እዚያ መቁረብ ይቻል እንደሆነ ሲኖዶሱን ጠይቁ። ከእነዚህ አንዳንዶቹ ከተሐድሶ (ሪፎርምድ) ወይም ከፕሬስቢቴሪያን ወገን ናቸው። ይህ ለመካነ ኢየሱስ ባዕድ አይደለም፤ በ1974 የተቀላቀሉት የቤቴል ሲኖዶሶች ከዚያው ቤት ነው የመጡት። በራሳችሁ ግን አትወስኑ። መካነ ኢየሱስ በ2013 ከኢኤልሲኤና ከስዊድን ቤተ ክርስቲያን ጋር የነበራትን ኅብረት አቋርጣ ነበር፤ ስለዚህ «ሉተራን የሚል ሰሌዳ አየን» ብሎ መግባትም አይበቃም።

ጠንከር ያለው ምክሬ ግን ይህ ነው። ከመካከላችሁ አንድ ሰው አቅርቡ። እርስዎ ሊሆኑ ይችላሉ፤ ሌላም ሊሆን ይችላል፤ ያቺ ነርስም ልትሆን ትችላለች፤ መካነ ኢየሱስ ሴቶችን ትሾማለች። ሠላሳው ተሰብስቦ ይምረጥ፤ ቃለ ጉባኤ ይያዝ፤ ሁሉም ይፈርም። ከዚያ ለሲኖዶሱ ይጻፍ። ደብዳቤው ላይ ስንት እንደሆናችሁ፣ መቼ መጨረሻ እንደቆረባችሁ፣ ማንን እንደመረጣችሁና ለምን፣ ሥልጠናውን በርቀት ለመከታተል ዝግጁ መሆኑን አስፍሩ። ሁለት ነገር ጠይቁ፤ ወይ ይህን ሰው አሠልጥናችሁ ሹሙልን፣ ወይ እስኪሾም ድረስ በጽሑፍ፣ በተወሰነ ጊዜ፣ በእገሌ ቄስ ክትትል የምታዙትን ንገሩን። ሊከለክሏችሁ ይችላሉ። ደንቡን የሚተረጉሙት እነሱ ናቸው፤ እኔ አይደለሁም። ግን ዝም ካላችሁ የሚመልስላችሁ የለም። በሦስት ወር ውስጥ መልስ ካልመጣ ደግማችሁ ጻፉ፤ አገር ቤት ዕረፍት የሚሄድ ሰው በእጁ ያድርስ። የእኛን መሥሪያ ቤት ታውቁታላችሁ፤ ኢሜይል ከሚልክ ሰው ይልቅ በር ላይ የቆመ ሰው ቶሎ ይታያል።

እስከዚያው ዓርባችሁን ባዶ አታድርጉት። ቃሉን አንብቡ፤ ዘምሩ፤ የታመመውን ጠይቁ። ኃጢአታችሁን እርስ በርስ ተናዘዙ። በመርከቡ ላይ የነበረው አዲስ ተጠማቂ ለወንድሙ የተናገረውን የይቅርታ ቃል እናንተም ለተጨነቀ ወንድም መናገር ትችላላችሁ። ሉተር በ1536 መጨረሻ ባዘጋጀው የእምነት አንቀጽ ወንጌል ወደ እኛ የሚመጣባቸውን መንገዶች ሲዘረዝር፣ ከስብከት፣ ከጥምቀትና ከቁርባን ቀጥሎ የወንድሞችን እርስ በርስ መነጋገርና መጽናናት አብሮ ቆጥሮታል። ይህን ለማድረግ የማንም ደብዳቤ አያስፈልግም።

ከሁሉ በፊት ግን ዛሬ አንድ ነገር አድርጉ። ነርሷን ተቀመጪ በሏት። የሕፃኑን ስም፣ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የሆስፒታሉን ክፍል፣ የተናገረችውን ቃልና አብሯት የነበረውን ሰው ስም ጻፉ። እሷ ትፈርም፤ እናትየዋ ትፈርም፤ እርስዎም ይፈርሙ። አንዱን ቅጂ ለወላጆቹ ስጡ፤ ሌላውን ለቄሱ አቆዩለት፤ መዝገብ ላይ ያሰፍረዋል።